ተቀባይ ለሌለው ሰው የሚሠራ የማሽን መቆሚያ

አዲስ አበባ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ሰው ስለ ማሽን መቆሚያ ብዙ ሲጨነቅ አላየሁም። በያጅ ይጠራል፤ በያጁ ሜትሩን ዘርግቶ የማሽኑን ግርጌ ይለካል፤ ቱቦላሬ ቆርጦ አራት እግር ይበይዳል። ቁመቱስ? «እስከ ወገብህ ይሁን።» ከዚያ ከሲሚንቶው ጋር በቡሎን ይታሰራል፣ አለቀ።

ይህ የሚያዋጣው ከማሽኑ ማዶ ሰው ስላለ ነው። ጣውላው ከቢላው አልፎ ሲወጣ ረዳቱ ይቀበለዋል። ባለሙያው ከወዲህ «አትጫነው፣ ዝም ብለህ ሳብ!» ይላል። ቤቱ ቢጠብም በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል፤ ረጅም ሞራሌ ግማሹ ደጅ ወጥቶ ይላጋል፣ አላፊ አግዳሚውም ዞር ብሎ ያልፋል።

እዚህ ሜሪላንድ፣ መኪናም ማደር ያለበት ጋራዥ ውስጥ፣ የምሠራው ብቻዬን ነው። ማሽኑም ሌላ ነው፤ እንደ አገር ቤቱ ኮምባይን ባለ 380 ቮልት ሳይሆን ከተራ የ120 ቮልት ሶኬት የሚሠራ፣ 42 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የዲዋልት መላጊያ። ስለዚህ የረዳቱን ሥራ መቆሚያው መሥራት አለበት፤ መኪናው ሲገባም ገለል እንዲል በጎማ መሄድ አለበት። ልኬቱም ከማሽኑ ግርጌ ሳይሆን ከጣውላው መንገድ ይጀምራል፦ 2 ሜትር ጣውላ ለመላግ ከፊት 2፣ ከኋላም 2 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። የአንድ መኪና ጋራዥ ይህን የሚችለው 6 ሜትር ያህል በሆነው ርዝመቱ በኩል ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ፊቱን ወደ በሩ ማዞር ግድ ነው።

ቀጥሎ ቁመት። ጣውላው ሲወጣ ጫፉ ከዘመመ፣ ጅራቱ ወደ ቢላው ይነሳና መጨረሻው ላይ ጣት የሚያውቀው ንክሻ ይቀራል። ስለዚህ የመላጊያውን ወለል ከክብ መጋዙ ጠረጴዛ ጋር አስተካክላለሁ፤ መጋዙ ተቀባይ ይሆንልኛል፣ አንድ ሚሊሜትር ዝቅ ቢል ደግሞ ጣውላው አይደናቀፍበትም። የእኔ መጋዝ 88 ሴንቲሜትር ነው። የመላጊያው ወለል ከግርጌው 12 ሴንቲሜትር ከፍ ስለሚል፣ ለመቆሚያው የሚቀረው ጎማውን ጨምሮ 76 ነው። ጎማው ብቻውን 10 ይበላል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

ቦታ ለመቆጠብ ገበታው የሚገለበጥ መቆሚያ የሚሠሩ አሉ፦ ከላይ መላጊያ፣ ከታች ተዘቅዝቆ ማለስለሻ። ብልህ ነገር ነው፤ ግን የማሽኑን ቁመት ብቻ የለካ ይቸገራል። ከማዞሪያው ዘንግ እስከ ማሽኑ አናት 50፣ እስከ ፊቱ 30 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ሲዞር ጥጉ 58 ሴንቲሜትር ርቆ ይሄዳል። ከዘንጉ በታች 60 ያህል ባዶ ካልተተወ መሐል መንገድ ላይ ይቀረቀራል።

እንጨቱ ኮምፔንሳቶ ቢሆን ይበቃል፤ የአገር ቤቱ ብረት እዚህ ለአንድ ሰው ለመግፋት ይከብዳል። በጎማው ግን አትቆጥቡ፤ መሽከርከሩንም መዞሩንም የሚይዝ ፍሬን ያለው ይሁን። የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድ ብዙውን ጊዜ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ስለዚህ መቆሚያው በሚሠራበት ቦታ ቆሞ በውሃ ልክ ይታይ፣ በበሩ በኩል ባሉት ጎማዎች ሥር ስስ እንጨት ይግባ።