ስምንተኛው ደንብ

«አንተ ኢትዮጵያዊ አይደለህ? ለአንተ ይቺ ምን አላት!» ይለኝ ነበር ጋናዊው ጓደኛዬ፣ የተራራ ወሬ በተነሣ ቁጥር። እኔና ኃይሌን አንድ እናት የወለደችን ሳይመስለው አልቀረም። እኔም እንደማልሮጥ መንገር ሲገባኝ ዝም አልኩ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ኖርዌይ፣ በርገን የገባሁት በ2001 ዓ.ም. መባቻ ነው። በርገን በሰባት ተራሮች የተከበበች፣ ከዓመቱ ቀናት ከግማሽ በላይ ዝናብ የማያጣት የወደብ ከተማ ናት። በተማሪዎች መኖሪያው ጋናዊው፣ አንዲት ኔፓላዊት፣ አንድ ኖርዌጂያዊና እኔ አንድ ኩሽና እንጋራለን። እሑድ ሲሆን ኖርዌጂያኑ ቦርሳ አዝለው «ቱር» ይወጣሉ። ቱር ማለት በእግር ወደ ጫካ ወይም ወደ ተራራ መሄድ ነው። ምን ለማምጣት? ምንም። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ያደግሁት እንጦጦ ሥር ነው፤ ያኔ መናፈሻው የለም፣ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከተራራው ሲወርዱ የማያቸው ወገባቸው እስኪጎብጥ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ነበሩ። አትሌት ካልሆነ ወይም ጸበል ካልፈለገ በቀር ማን ዝም ብሎ ዳገት ይወጣል? ኔፓላዊቷም «በእኛ ሰፈር ተራራ ማለት ሸክም ነው» አለች።

አንድ ቅዳሜ ማታ ኖርዌጂያዊው ነገ ኡልሪከን እንውጣ አለ። ከሰባቱ ትልቁ ነው፤ 643 ሜትር። ሳቄ መጣ። «አዲስ አበባ ያለው አልጋዬ ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍታ ላይ ነው የተዘረጋው» አልኩ። ወሬዬ ደስ አላቸውና «ራስ ዳሸንንስ ወጥተኸዋል?» ብለው ጠየቁ። አንገቴን ነቀነቅሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ያኔ ደባርቅን እንኳ ረግጬ አላውቅም።

ሐሳቡ ኡልሪከን ላይ ወጥተን፣ ቪደን የሚባለውን ገላጣ አምባ አቋርጠን፣ በፍሎየን በኩል ከተማ መውረድ ነው፤ አምስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ መንገድ። በስኒከር ሄድኩ። አውቶቡስ ላይ ከጎናችሁ እንዳይቀመጡ የሚጠነቀቁት ሰዎች ዳገቱ ላይ ሲያገኙን ፈገግ እያሉ ሰላም ይሉናል። ጫፍ ደርሰን አምባውን ከያዝን በኋላ ግን ጉም ወረደ። መንገዱን የሚያሳየው የድንጋይ ቁልል አንዱ ሲታይ ቀጣዩ ይጠፋል። ጫማዬ ውኃ ጠጥቷል፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ኖርዌጂያዊው ቆመና «እንመለስ» አለ።

እዚያው ተወልዶ ያደገው፣ ቡትስ የተጫማው «እንመለስ» ሲል፣ በስኒከር የምንቀጠቀጠው እኔ «ግዴለም፣ እንቀጥል!» አልኩላችሁ። ኢትዮጵያዊ መሐል መንገድ ላይ ተመለሰ እንዳይባል። ማን እንዳይል? በዚያ ጉም ውስጥ እንዲህ የሚል አንድም ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቼን ከአዲስ አበባ አዝዬ የመጣሁት እኔው ነኝ።

ልጁ አልተከራከረኝም። ክቪክ ሉንሽ የሚባል ቸኮላት ከቦርሳው አወጣ። አራት ጣት አለው፤ ለየራሳችን አንድ አንድ አደለን። ከዚያ መጠቅለያውን ገልብጦ አሳየኝ። የተራራ ደንቦቻቸው፣ ዘጠኙም፣ ወረቀቱ ላይ ታትመዋል። ስምንተኛውን እየተረጎመ አነበበልኝ፤ «በጊዜ ተመለስ፤ መመለስ አያሳፍርም።» ይሄንን ሕፃናት ሳለን ጀምሮ እንሰማዋለን አለ። ተመለስን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋናዊው ጠጋ ብሎ «እኔማ ከአንድ ሰዓት በፊት አልቆልኝ ነበር፤ አንተን አፍሬ ነው» አለኝ።

መጠቅለያውን ለምኜ ወሰድኩት።

የምንማርበት ገንዘብ ከፊሉ ስጦታ፣ ከፊሉ ብድር ነበር። ተምሮ ወደ አገሩ የገባ ብድሩ ይሰረዝለት ነበር፤ የቀረ ይከፍል ነበር። ከእኔ በፊት የጨረሰ አንድ ሐበሻ ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ ሌሊት ሌሊት ቢሮ እያጸዳ ብድሩን ይከፍል ነበር። እንጀራው ነውና አልፈርድበትም። ግን ኑሮው ተስማምቶት አይደለም የቀረው። አገሩ ይናፍቀዋል፣ የአባቱን ድምፅ በስልክ ሲሰማ ያለቅሳል። «ለምን አትገባም?» ስለው «ምን ይዤ?» ይለኛል። እኔም ልጨርስ ወራት ሲቀሩኝ እመጣለሁ ብዬ ቤት ደወልኩ። እናቴ ትንሽ ዝም አለች። «ለእኔስ ደስታዬ ነው» አለችኝ በኋላ፣ «ሰው ምን ይላል ብዬ እንጂ።»

ሰኔ 2002 ገባሁ። በማግሥቱ ጎረቤታችን እትዬ ለቡና መጡ። አቅፈው ሳሙኝ፣ መረቁኝ፣ ተቀመጡ። ከአቦሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምነው ልጄ፣ አባረሩህ እንዴ?» አሉኝ።

መልስ ሳልሰጥ እናቴ ቀደመችኝ። «ኧረ ምን በወጣው! ለዕረፍት ነው የመጣው፤ ይመለሳል።»

መጠቅለያው ገና ባልተፈታው ሻንጣዬ ውስጥ፣ መጽሐፍ መሐል ተጣጥፎ ነበር። ቶናው ተቀድቶ እስኪያልቅ ዝም አልኩ። በረካው ሲቀርብ «አይ እትዬ፣ ጨርሼ ነው የመጣሁት። አልሄድም» አልኩ።

እናቴ ጀበናዋን ማቶቱ ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።