የሚያጓራው ዲኤክስ ደጎሎ ሲደርስ

እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬን የነሱኝ ደግሞ ቅዳሜ ማታ በሰፈራችን አስፋልት ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉት የመኪና ጎረምሶች ናቸው። ማርሚታውን አስቆርጠው፣ የወተት ጣሳ የሚያክል ጭስ ማውጫ አስበይደው፣ “ቧ… ቧ… ጧ!” እያሰኙ ሲያልፉ የቤታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል። እነሱን መስደብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ልሰድባቸው አልመጣሁም። የሞተር ድምፅ ደስ ይለኛላ! መኪና የሌለው ሰው ከመኪና ድምፅ ሌላ ምን ይወዳል?

የዛሬው ወጋችን የመንገድ ወግ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተን ደቡብ ወሎ፣ ጃማ ወረዳ፣ ደጎሎ ድረስ እንዘልቃለን። 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጥያቄም ይዘን እንሄዳለን፦ ጭስ ማውጫ መቀየር ለመኪና ጉልበት ይሰጣል ወይስ ጩኸት ብቻ? መልሱ ከጉልበትም ከጩኸትም አልፎ የሰው ነፍስ ድረስ እንደሚሄድ ያየሁት እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ባለ ዲኤክሱ ወዳጄ

ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው፤ የሰርግ ወር። አንድ ወዳጄ የአጎቱ ልጅ ደጎሎ ላይ ያገባል። መኪናው ዲኤክስ ናት። ዲኤክስን የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም፤ ጃፓኖቹ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጧት አራተኛዋ የኮሮላ ትውልድ ናት። በሌላው ዓለም ስፖርት መኪና ሲባል የሚታሰበው ዝቅ ያለ ባለ ሁለት በር ነው። እዚህ አገር ግን ቀረጡን ማን ይችለዋል? በዚያው በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ የአሮጌ መኪኖችን ታክስ ሰማይ ሰቀለው። ስለዚህ የኛ ልጆች ስፖርት መኪና ዲኤክስ ናት፤ ዝቅ ትደረጋለች፣ ጎማዋ ይሰፋል፣ ከዚያ ድምፅ ይገዛላታል።

ወዳጄም ድምፅ ገዝቶላታል። ለ1.3 ሊትር ሞተር ባለ ሁለት ኢንች ተኩል ቱቦ! ፋብሪካው የሠራው ማርሚታ ተቆርጦ ተጥሏል። በምትኩ ከኋላ ባዶ ሲሊንደር ነገር ተበይዷል። “ሰርገኛው ፊት እያጓራሁ ነው የምገባው” አለኝ። እኔ ከፊት፣ አክስቱና ታናሽ እህቱ ከኋላ ተቀመጥንና በሌሊት ወጣን።

እስከ ጀማ በረሃ

ሱሉልታን፣ ጫንጮን አልፈን ሙከጡሪ ላይ የጎጃሙን መንገድ ትተን በስተቀኝ ታጠፍን። ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ዲኤክሷም ደስ ብሏታል። እውነት ለመናገር እኔም ደስ ብሎኛል፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጭር ባለ ሜዳ የሞተር ድምፅ ሲያስተጋባ ልብ ይሞቃል። አክስት ብቻ “ይህቺ መኪና ጉንፋን ይዟታል እንዴ?” ብለው ነጠላቸውን ጆሮአቸው ላይ ጠመጠሙ።

ለሚን አልፎ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከፊታችሁ ያለው የጀማ ሸለቆ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ። አናቱ ላይ ብርድ ያንቀጠቅጣል፤ ወንዙ ጋ ስትደርሱ ሹራብ ታወልቃላችሁ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲግጡ ነበር። ወዳጄ ነዳጅ ለቆ ቁልቁለቱን ሲይዘው ጭስ ማውጫው “ጧ! ጧ!” አለ። ጭላዳዎቹ ተያይዘው ገደል ገቡ። (አይዟችሁ፣ ገደል ቤታቸው ነው።)

ጉዱ የመጣው ወንዙን ተሻግረን ወደ ዓለም ከተማ ዳገቱን ስንጀምር ነው። ድምፁ የአንበሳ፣ ጉልበቱ የአህያ! በሁለተኛ ማርሽ እያለቃቀሰች እህል የጫነ ኢሱዙ “ጢጥ” አድርጎ አለፈን። የወዳጄ ፊት ጠቆረ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ባለ አራት ፒስተን ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ጭስ ይተፋል። ከእያንዳንዱ ትፋት ኋላ የሚስብ ክፍተት ይከተላል። ቱቦው ልክ ከሆነ ያ ክፍተት የቀረውን ጭስ ከሲሊንደሩ ስቦ ያወጣል፤ ለንጹሕ አየር ቦታ ይለቀቃል። ቱቦው ከጠበበ ጭሱ ይታፈናል። ከልኩ በላይ ከሰፋ ደግሞ ጭሱ ፍጥነቱን ያጣል፤ መሳቡም ይደክማል። ይሄ የሚጎዳው በዝቅተኛ ዙር ላይ ነው። ዳገት የምንወጣው ደግሞ በዚያው ዙር ነው።

ሌላም አለ። አዲስ አበባም ደጎሎም ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣሉ። በዚህ ከፍታ ሞተር የሚስበው አየር ጅቡቲ ላይ ከሚስበው ሦስት አራተኛ ያህሉን ነው። ሩቡ ጉልበት ከመነሻው የለም ማለት ነው። በደንብ የተሠራ ጭስ ማውጫ ለተራ ሞተር የሚጨምረው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ሩብ ለጎደለው ጥቂት ለመጨመር ማርሚታ መጣል፣ ቤቱ ጣሪያው የሚያፈስ ሰው መጋረጃ እንደ መግዛት ነው።

ወንጭት ላይ የሆነው

ዓለም ከተማ ቁርስ በልተን ወደ ወንጭት ሸለቆ ወረድን። ወንጭት ሸዋንና ወሎን ይለያል። የዚያን ጊዜው መንገድ ጠጠርና አቧራ ነበር። ዝቅ የተደረገችው ዲኤክስ ሆዷ ድንጋይ ሲነካ ሁላችንም “እሰይ!” ብለን ሳቅን። አንዴ ግን ከባድ ነገር ነካንና ድምፁ ተለወጠ። “ይባስ አማረበት” አለ ወዳጄ። አቧራው ሲበረታ መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘጋን።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አክስት “ራሴን ወጋኝ” አሉ። ቀጥሎ ታናሽ እህቱ አስታወከች። ሙቀቱ ነው፣ ጥምዝምዙ ነው ተባለ። እኔንም ግንባሬን ይጨመድደኝ ጀመር። አክስት ዝም አሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎን ነበር።

አፋፉ ላይ ስንወጣ ያ ኢሱዙ ቆሞ ሾፌሩ ጎማ ያያል። ወዳጄ ውኃ ሊጠይቅ ቆመ። ሾፌሩ የኋላውን በር ከፍቶ አክስትን አንዴ አያቸውና ጮኸ፦

“እናንተ ልጆች! መስኮት ዘግታችሁ ነው የወጣችሁት?”

“አቧራው ነዋ ጋሼ።”

“አቧራ ያስነጥሳል እንጂ አይገድልም! ጭስ ነው የበላችሁት!”

አራቱንም በር ብርግድ አደረገው። አክስትን ተሸክመን ነፋስ ያለበት ጥላ ሥር አስተኛናቸው። “አብሽሪ እናቴ፣ አብሽሪ፣ አየር ሳቢ” እያለ ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ምን ብለው እንደጠሩኝ ግን አልነግራችሁም፤ በሞተ ወንድማቸው ስም ነው የጠሩኝ። ያኔ ጉልበቴ ከዳኝ።

ሾፌሩ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣ። ብየዳው ልክ ከኋላ ወንበር ሥር ተሰንጥቋል። ጭሱ ወለሉ ላይ ባለው የዛገ ቀዳዳ እየገባ ሁለቱን ሴቶች ሲያጥናቸው ኖሯል።

ነገሩ የከሰል ምድጃ ዘግቶ ከሚያድረው ሰው ጋር አንድ ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይይዘዋል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ደግሞ የከፋ ነው። ንጹሕ አየር ላይ ብትወጡ እንኳ ግማሹ ከደም እስኪለቅ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በኦክስጅን ሲታገዙ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ለዚህ ነው “ተሻለኝ” ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ማየት ያለበት። አክስትንም ኢሱዙው ጋቢና አስቀምጠን ደጎሎ ሕክምና አደረስናቸው። ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ማታውን ቡና ጠየቁ። ተመስገን።

ደጎሎ

ደጎሎ ገደል ወጥታችሁ ስታበቁ የምታገኙት ሜዳ ነው። ጥቁር ዋልካ መሬት፣ ስንዴና ጤፍ፣ የማያባራ ነፋስ። እኛ የደረስነው በውቂያ ወቅት ነበር። አውድማው ላይ በሬ ሲነዳ ሰውየው የሚያሰማው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ አገሩ ፀጥ ያለ ነዋ! በዚያ ፀጥታ መሐል የኛ ዲኤክስ እየተንኮሻኮሸች ገባች። ልጆች ከበቡን። ወዳጄ ሊያደንቋት መስሎት ደረቱን ነፋ። አንዱ ትንሽ ልጅ ግን “ጋሼ፣ ታማለች እንዴ?” አለው። የቦሌ ጎረምሳ ሁሉ ያጨበጨበላት መኪና በአንድ ቃል አለቀላት!

ሾፌሩ በማግስቱ የኢሱዙውን ሆድ አሳየን። ጭስ ማውጫው ላይ የምትዘጋ ክዳን አለች፤ ሞተር ፍሬን ይሉታል። ቁልቁለት ላይ ስትዘጋ ጭሱ ታፍኖ ሞተሩን ይገታዋል፤ የእግር ፍሬን ሳይግል ሸለቆው ይወረዳል። “አየህ ወንድሜ፣ እኔ ጭሴን የማፍነው ልጆቼ ጋ በሰላም ልግባ ብዬ ነው። አንተ ደግሞ ለቀቅከው” አለው። ወዳጄ መልስ አልነበረውም።

ሰርጉ ቀን ሽማግሌዎች መኪናዋ ከኋላ እንድትቀር ጠየቁ። ሙሽራዋ የምትቀመጥባት በቅሎ እንዳትደነብር! አጃቢ ፈረሰኞቹ ከፊት፣ ዲኤክስ ከኋላ ሆነ። ከዚያ በፊት ግን የከተማው በያጅ ቱቦውን አጥብቦ፣ ከተሰበረ ሚኒባስ የተፈታ ማርሚታ ገጥሞላት ነበር። አክስት እንደሆኑ “በዚያች መኪና ከምመለስ በእግሬ” ብለው በአውቶቡስ ተመለሱ። እኛ በዲኤክስ ተመለስን። ጀማን ስንወጣ ከመምጣታችን የተሻለ ወጣች። ድምፅዋም እንደ ሰው ሆነ።

እንግዲህ ድምፅ ለምትፈልጉ

ተዉት አልላችሁም። ድምፅ የሚያምረው ግን በልክ ሲሆን ነው። ስለዚህ፦

1. መጀመሪያ ሞተሩን አስተካክሉ። ካንዴላ፣ አየር ማጣሪያ፣ ካርቡራተር፣ የቫልቭ ክፍተት። እነዚህ ሳይስተካከሉ ቱቦ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው።

2. ቱቦውን ከሞተሩ ጋር መጥኑ። ለትንሽ ሞተር የፋብሪካው ስፋት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል።

3. ማርሚታ አትጣሉ፤ ለውጡ። ውስጡ ቀዳዳ ያለው ቱቦና የመስታወት ጥጥ ያለበት አለ። ስለታሙን ጩኸት ውጦ ወፍራሙን ድምፅ ያስቀራል።

4. ከተሳፋሪ ወንበር ሥር ብየዳ አይኑር። የግድ ከሆነም መጋጠሚያው በጓርኒሲዮንና በብሎን ይጥበቅ። የጭሱ ጫፍ ከመኪናው አካል አልፎ ይውጣ።

5. ወለሉ ላይ ያለ የዛገ ቀዳዳ ከረጅም መንገድ በፊት ይደፈን። ድምፁ በመንገድ ላይ ከተለወጠ “አማረበት” ሳይሆን “ምን ሆነ?” በሉ።

6. መኪና ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ራሱን ካመመው ቁሙ። በር ክፈቱ፣ ውጡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። መንገድ ያዞረን ሁሉ መንገድ አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ማውጫ የለው፣ ማርሚታ የለው። ስለዚህ እነዚህ አሮጌ ዲኤክሶች ቅርስ እየሆኑ ነው። ቅርስ ደግሞ ይያዛል እንጂ አይጮህበትም። ሰፈር የሚቀሰቅሰው ዶሮ ይበቃናል!

ቸር ያሰንብተን።