ከተማሪዎች ሳምንት የተረፈኝ ዕዳ



የኅብረታችን ጸሐፊ ስለ ዘንድሮው የተማሪዎች ሳምንት ዘገባ እንድጽፍ ሲያዘኝ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነገር መስሎኝ ነበር። ስንት ሰው መጣ፣ ስንት ጎል ገባብን፣ ስንት ስኒ ቡና ተቀዳ ብዬ ቆጥሬ ልጨርስ አስቤ ነበር። ቁጥሩን ከዚህ በታች ታገኙታላችሁ። ይሁን እንጂ በዚያ ሳምንት የሠራሁትን ስሕተት ደብቄ ቁጥሩን ብቻ ባቀርብ ዘገባው ጎዶሎ ስለሚሆን፣ ከግለ ሂስ ጋር አያይዤ ጽፌዋለሁ።

የምንኖረው በአል ዐይን ከተማ፣ አል ጂሚ በሚባለው ሠፈር ነው። ከተማይቱ ከአቡ ዳቢ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኦማን ድንበር ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ስሟ በዐረብኛ «ምንጭ» ማለት ነው። ፈለጅ በሚሉት የጥንት ቦይ ውኃ እየጠጡ የኖሩት የቴምር ደኖቿ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ የአል ጂሚው ደን ከእነርሱ አንዱ ነው። አመሻሽ ላይ በቴምሩ ጥላ ሥር የሚያልፍ ሰው ብዙ ጊዜ አማርኛና ኦሮምኛ ይሰማል። የሚናገሩት ግን ተማሪዎች አይደሉም። በአካባቢው ቤቶች የሚሠሩ እኅቶቻችን ናቸው። የእኛ ኅብረት አባላት ሰባት ብቻ ነን፤ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች።

በምንማርበት ዩኒቨርስቲ ሙቀቱ ሳይበረታ በክረምቱ መጨረሻ ላይ የኪነ ጥበብ፣ የንግግርና የስፖርት ሳምንት ይደረጋል። ለየአገሩ ተማሪዎች የግማሽ ሰዓት ንግግር፣ በእግር ኳስ ውድድሩ አንድ ቡድንና በመዝጊያው ቀን አንድ ድንኳን ይፈቀዳል። በስብሰባችን ላይ አንዱ ጓደኛችን «ቡናና እስክስታ ይበቃናል፤ ሰው የሚወደው እርሱን ነው» አለ። እኔ ተቃወምሁ። «እኛ የቱሪስት ፖስተር ነን ወይ? ይኽ የዩኒቨርስቲ መድረክ ነው፤ የምንናገረው ቁም ነገር የለንም?» ብዬ ብዙ ተናገርሁ። ብዙ የተናገረ ሥራ ይሰጠዋልና ንግግሩ በእኔ ላይ ወደቀ።

የመረጥሁት ርእስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ «የኮሌጅ ቀን» ነበር። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ተማሪዎቹ በየዓመቱ የሚያከብሩት በዓል ነበር። ስፖርት ነበረው፣ ጨዋታ ነበረው፣ ግጥምም ይነበብበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ኢትዮጵያ በሰጠችው ስኮላርሺፕ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች በዚያው ግቢ ይማሩ እንደ ነበር ጨምሬ ነገርኋቸው፤ ዛሬ እኛ በሰው አገር እንግዶች እንደ ሆንን ያን ጊዜ አስተናጋጆቹ እኛ ነበርን። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሀው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አነበበ። የኮሌጁ የጨዋታ ቀን ከዚያ ወዲያ የጨዋታ ቀን ብቻ ሆኖ አልቀረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው የምንለው፣ «በረከተ መርገም»ን አሰማ። የንግግሬ ፍሬ ነገር፣ ለመዝናኛ የተሰጠ መድረክም ቢሆን እውነት ሊነገርበት ይችላል የሚል ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ አምስቱ የእኛው ናቸው። ጥያቄ ያቀረበ አንድ ሱዳናዊ ተማሪ ብቻ ነው። «ግጥሙ ሲነበብ ደሀው ራሱ አዳራሹ ውስጥ ነበር ወይ?» አለኝ። «ደሀው ባይኖርም ገጣሚው ልሳኑ ነበር» ብዬ መለስሁለት። ጥሩ መልስ የመለስሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወረድሁ።

በማግሥቱ ኳስ ነበር። በየቡድኑ ሰባት ሰው ስለሚሰለፍ ሁለት ሱዳናውያን ተውሰን ገባን። ያ ጠያቂ አንዱ ነበር። 4 ለ 1 ተሸነፍን፤ አንዷን ጎል ያገባውም እርሱ ነው። እኛ ግን የራሳችን ልጅ እንዳገባ ሁሉ ዘለልን፣ ጨፈርን። በእግር ኳስ በኩል ከዚህ የሚበልጥ የምዘግበው የለኝም።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። ለድንኳኑ ጀበናና ረከቦት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡና ማፍላት የሚያውቅ ሰው አስፈለገን። ከሰባታችን አንዳችንም በወጉ አናውቅም። ስለዚህ በአል ጂሚ በአንድ ቤት ከአሥር ዓመት በላይ የሠሩ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸውን እኅታችንን ለመንናቸው። የዕረፍት ቀናቸው ነበርና መጡ። ጀበናውንም፣ ስኒውንም፣ ዕጣኑንም፣ ነጭ ቀሚሳቸውንም ይዘው መጡ። ቡናውንም በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው እንደ ነበር የሰማነው በኋላ ነው። ቄጠማ ስላልተገኘ ሣር አነጠፍን፤ ከሰል ስላልተፈቀደ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቆሉ። ሽታው ሲወጣ የሌላው ድንኳን ሰው ወደ እኛ ጎረፈ። እስኪመሽ ድረስ ከመቶ ሠላሳ ስኒ በላይ ተቀዳ።

የአገሩ ሰዎች ቡና ያከብራሉ። የእነርሱ ጋህዋ ፈዘዝ ያለ፣ ሄል የበዛበትና ከቴምር ጋር የሚጠጣ ነው። እትዬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ሲቀዱ «በረካ» የምትለዋን ቃል ማንም ማስተርጐም አላስፈለገውም። ፍንጃላችን ፊንጃናቸው፣ ሄላችን ሄላቸው መሆኑን እትዬ እየሣቁ በዐረብኛ ያስረዱ ነበር። በንግግሬ ያላገኘሁትን ሰሚ እርሳቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ አገኙ።

ስሕተቴ የመጣው በዚህ መካከል ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ እንግዳ ወደ እኔ ዘወር ብለው በእንግሊዝኛ «እኚህ ሴት አስተማሪ ናቸው ወይስ ተማሪ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ «የባህል ባለሙያ ናቸው» አልሁ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ያን ጊዜ ብጠየቅ «ለክብራቸው» እል ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን የተጨነቅሁት ለራሴ ነው። እዚህ አገር ኢትዮጵያዊ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የቤት ሠራተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ሳምንት ሙሉ «እኛ ሌላም ነን» ለማለት ስደክም ነበር።

እትዬ እንግሊዝኛውን ሰምተውት ኖሯል። ከረከቦቱ ቀና ብለው ለሰውየው በጠራ ዐረብኛ «እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ልጄ ባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ትማራለች። የማስተምራት እኔ ነኝ» አሏቸው። ሰውየው ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው እግዚአብሔር ያቆይልሽ የሚል ምርቃት መረቁ። እትዬ አሜን ብለው መቅዳታቸውን ቀጠሉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ከጥቂት ቀን በፊት «ደሀው ይናገራል» እያልሁ በመድረክ ላይ ስደሰኩር የነበርሁ ሰው፣ ባለቤቷ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ቀድሜ ተናገርሁባት። የሱዳናዊው ጥያቄ ትርጉሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ማታ ጀበናውን ተሸክሜ እስከ አል ጂሚ ሸኘኋቸው። በመንገድ ላይ «ይቅርታ እትዬ፣ ለክብርዎ ብዬ ነው» አልኋቸው።

«ክብሬን ማን ወሰደብኝና ነው አንተ የምትመልሰው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ «ንግግር አድርገህ ነበር አሉ። ለምን አልጠራኸንም? ልጄም ግጥም ትሞካክራለች፤ ሰምቼ እነግራት ነበር» አሉ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አዳራሹ ለማንም ክፍት ነበር። አሥራ አንድ ሰው ብቻ መጣ ብዬ ሳዝን፣ በአል ጂሚ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን አንድም ሰው ጥሩ ብዬ አላሰብሁም፤ ከሰባታችንም ያሰበ አልነበረም። ወደ እነርሱ የሄድነው ጀበና ሲያስፈልገን ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እትዬ ለቡናው ያወጡት ወጪ ከኅብረታችን መዋጮ ይከፈል፤ ከእንግዲህም በልመና የሰው የዕረፍት ቀን አንውሰድ። ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን የራሳችንን በዓል፣ ግጥሙንም፣ ንግግሩንም፣ ኳሱንም፣ በአገራችን ቋንቋዎች በአል ጂሚ እናዘጋጅ፤ ቀኑም ለሠራተኞቹ እንደሚመች ይወሰን። ሦስተኛ፣ የሚመጣው ዓመት የግማሽ ሰዓት ንግግር ፈቃዳቸው ከሆነ ለእነርሱ ይሰጥ። ከእኛ አንዱ ያስተርጉም፤ የተባለውን እንጂ እንዲባል የፈለገውን አይደለም።

ንግግሬን ወደ አማርኛ መልሼ ለልጃቸው በቴሌግራም ላክሁላት። ከሁለት ቀን በኋላ መልስ ጻፈች። ስለ ኮሌጅ ቀን በማወቋ አመስግና፣ «እናቴ ስለ ድንኳኑ የነገረችኝን ግን ከጽሑፉ ውስጥ አጣሁት» አለች። እነሆ ጨምሬዋለሁ።

ከአል ጂሚ