ወፎችን በትንሽ ሌንስ



ወፍ ፎቶግራፍ ማንሳት የሀብታም ቱሪስት ሥራ ነው ሲባል በግቢያችን በተደጋጋሚ ሰምተናል። እንደ ክንድ የረዘመ ሌንስ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የመስክ መኪና የሌለው ሰው ምኑን ያነሳዋል? ይባላል። እኛ ሦስት ሠልጣኞች ግን ካለፈው ጥቅምት ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ ተዳፋት ድረስ በእግራችን እየዞርን ወፍ ስናነሳ ቆይተናል። የያዝነው መሣሪያ ተራ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ይቻላል፤ ለመምህርነት ሙያችንም ካሰብነው በላይ ቅርብ ሆኖ አግኝተነዋል።

ካሜራው ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ለብዙ ዓመት ሠርግ ሲያነሳበት ኖሮ በቃኝ ብሎ የሰጠን አሮጌ ካኖን ነው። ቴሌፎቶ ሌንሱን ግን ሦስት ሰው ብቻ ያለው እቁብ ገብተን፣ ያገለገለ ገዛን። እቁብ ማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ዕጣው ለሁላችንም አንድ ቀን ነው የወጣው። በሌንሱ ላይ ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚል ተጽፎበታል። የካሜራው ምስል መቀበያ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 250ው በድሮው የፊልም ካሜራ ላይ የ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያሳየውን ያህል አጥብቦ ያሳያል። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ወፍ ፊት ሲቆሙ ግን ትንሽ ነው።

ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በሂሳብ እንየው፤ የሂሳብ ሠልጣኞች ይፍረዱን። የወፉን ርዝመት በሌንሱ ርዝመት አባዝቶ ለርቀቱ ማካፈል ነው። ከጽድ ጽድ እየተንጫጫች የምትበረው፣ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት። በ10 ሜትር ርቀት ላይ ብትቀመጥ በመቀበያው ላይ የምትይዘው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከስፋቱ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በ5 ሜትር ግን 8 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ያኔ ዐይኗም ላባዋም ይታያል። ስለዚህ ሌንሱ ያጠረውን በእግር መሙላት ነው። ጥያቄው ወፍ ሰውን እንዴት አድርጎ 5 ሜትር ድረስ ያስጠጋዋል የሚለው ነው።

ለጀማሪ የምንመክረው ከትልቅ ወፍ እንዲጀምር ነው። መንቆሩ እንደ ማጭድ የታጠፈውን፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ ቢጤ የተንጠለጠለበትንና ጠዋት ጠዋት በመንጋ እየጮኸ በጣሪያችን ላይ የሚያልፈውን ወፍ የማያውቀው የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ ሌሊት ያጠና ሠልጣኝ ደግሞ በእንቅልፉ ሰዓት ስለሚመጣበት ይረግመዋል። ጋጋኖ የሚሉት አሉ። በፈረንጅኛ ዋትልድ አይቢስ ይባላል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይኖርም። ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር በላይ ስለሆነ በ20 ሜትር ላይ እንኳ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ይይዛል። በዚያ ላይ ኳስ ሜዳ ላይ ትል ሲለቅም ሰው ለምዷል።

አቀራረቡ እንዲህ ነው። ወደ ወፉ በቀጥታ አይኬድም፤ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚሄድ ሰው ሰያፍ ሰያፍ መሄድ ነው። አንገቱን ቀና ካደረገ መቆም፣ መብላት ከጀመረ ሁለት እርምጃ መጨመር። ከዚያ ቁጭ ማለት። ቁጭ ያለ ሰው ያጥራል፤ ያጠረ ሰው አያስፈራም። ካሜራውም በወፉ ዐይን ትክክል ስለሚሆን ሥዕሉ ያምራል። ሱሪ ይቆሽሻል፤ እሱን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ብርሃን ሌላው ራስ ምታት ነው። የኛ ሌንስ በ250 ላይ ሲሆን ቀዳዳው ከ5.6 በላይ አይከፈትም። እጅ ይንቀጠቀጣልና የመዝጊያው ፍጥነት ቢያንስ የሴኮንድ 1/400ኛ፣ ለሚበር ወፍ ደግሞ 1/1000ኛና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የእጅን መንቀጥቀጥ ያበርዳል እንጂ ወፉን ቀጥ አያደርገውም። በባሕር ዛፍ ጥላ ውስጥ ይህን ፍጥነት ለማግኘት አይኤስኦውን 1600 ማድረስ ግድ ይላል፤ ሥዕሉ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ይበል። አሸዋማ ሥዕል ከደበዘዘ ሥዕል ይሻላል። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አናት ላይ ይወጣና የወፉ ሆድ ይጠቁራል። ፀሐይን በጀርባ አድርጎ መቆምን ማንም ይናገረዋል፤ በእሬት አበባ ላይ የምትመጣውን በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራች ማር መጣጭ ወፍ ያየ ሰው ግን ያምነዋል። ወንዱ በጥላ ውስጥ ከሰል ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊ ሐር ይሆናል። ያው ወፍ፣ ያው ቅርንጫፍ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ።

አሁን ስለ ሰፈሩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሙን ያገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ከሰጡት የሌጋሲዮን ቦታ እንደሆነ ይታወቃል። የዛሬው ኤምባሲ ግቢ ከ40 ሄክታር በላይ ነው፤ ውስጡ ደን ነው። በሰፈሩ ካለው ዛፍ ሁሉ የሚበልጠው እንግዲህ ከግንብ ወዲያ ነው ማለት ነው። ወደዚያ ሌንስ ማዞር ክልክል ነው፤ እኛም አናዞርም። አንድ ቀን እንዲያውም ከግንቡ ርቀን መንገድ ዳር ቆመን ወደ ሰማይ ስናነጣጥር አንድ የሰፈር ጥበቃ፣ «እናንተ ልጆች፣ ምንድን ነው የምታነሱት?» ብለው መጡ። «ወፍ ነው ጋሼ» አልን። «ወፍ?» መታወቂያችንን አዩ፣ የካሜራውን መስኮት አዩ፣ አንድ በአንድ እያሳለፍን አሳየናቸው። ጭላቷ ላይ ሲደርሱ፣ «ይቺ ናት የኔን ጫጩት የጨረሰችው!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ሌንስ ተሸክሞ የሚዞር ሰው መታወቂያ መያዝና ሲጠየቅ ሳይቆጣ ማሳየት አለበት፤ ጠያቂው ሥራው ነው።

ወፍ ግን ግንብ አያውቅም፤ ጠዋት ከደኑ ወጥቶ ሰው ግቢ ይመጣል። ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ከቀበና ወንዝ ዳገት አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት እሬትና አንድ ትልቅ ወይራ ያለበት ግቢ አላቸው። በአጥር ስናጮልቅ አይተው፣ «ልጆቼ፣ እንደ ሌባ ከምታዩ ግቡና ተቀመጡ» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙውን ያነሳነው ከእሳቸው ግቢ፣ ከበርጩማ ላይ ሆነን ነው። የ5 ሜትሩ ጥያቄ እዚያ ተመለሰ። ወፎቹ እማማን ስለለመዱ እኛንም እንደ እንጨት ቆጠሩን። ዋኖሷ እግራችን ሥር ትለቅማለች። ግንደ ቆርቁሩ ወይራውን ሲመታ ቅርፊቱ ጫማችን ላይ ይወድቃል። እማማ ካሜራ አያውቁም፤ ግን የትኛዋ ወፍ በስንት ሰዓት የት እንደምታርፍ ይነግሩናል፤ ሰዓታቸው ከአንድ ሺህ ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበልጣል። የጎጆ ነገር ሲነሳ ግን ይቆጣሉ፤ ጫጩት ያለበትን ቅርንጫፍ ማንም እንዲጠጋ አይፈቅዱም። እኛም ይህንን ደንብ ወስደነዋል፤ ጎጆ አንጠጋም፣ ለሥዕል ብለን ቅጠል አንቀነጥስም።

ከቁጥቋጦው ውስጥ ድምፁን እየሰማን እስከ ዛሬ ያላነሳነው አንድ ግራጫ ወፍ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። ሳይንሳዊ መጠሪያው ግን ጋሊኒየሪ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ በተጓዘው ፈረንሳዊ መኮንን በጋሊኒዬ ስም ነው። በሰፈሩ የፈረንሳይ ነገር ግንቡ ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካ ከቁጥቋጦ ውስጥም ይዘምራል። እማማን ስሙን ጠየቅናቸው። «ወፍ ነዋ!» አሉ።

እንጦጦ ላይ ሥራው ይከብዳል። ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ ትንፋሽ ሲያጥር ካሜራ ይንቀጠቀጣል። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። አበባ ሲያወጣ ማር መጣጮቹ ይመጡለታል እንጂ ከጽድና ከኮሶ ጋር ሲወዳደር ጸጥ ያለ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ወጣ ብሎ ጽድ የቀረበትን ገደላ ገደል ፈልጎ መቀመጥ ያዋጣል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ መንቆሩ ወፍራም የሆነው ቁራ እዚያ ከሰው ምሳ አይርቅም። ጥቁር ወፍ በብሩህ ሰማይ ላይ ሲነሳ ጥላ ብቻ ይሆናልና ካሜራው ከሚያዘው አንድ ደረጃ አብርቶ ማንሳት ነው።

ይህ ሁሉ ከመምህርነት ጋር ምን አገናኘው? ለምትሉን፣ በልምምድ ትምህርት ወቅት አንደኛችን የ4ኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ መንቆር ዓይነትና ስለ ምግብ ያስተምር ነበር። ከሰሌዳው ላይ የጋጋኖውን፣ የማር መጣጯንና የጭላቷን ፎቶ ለጠፈ። አንድ ልጅ ብድግ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ይሄ የኛ ሜዳ ወፍ ነው!» አለ። ክፍሉ ተረበሸ። ሌላዋ፣ «መንቆሩ የታጠፈው መሬት ለመቆፈር ነው፤ አይቼዋለሁ» አለች። መምህሩ ሊናገር ያዘጋጀውን ተማሪዋ ነገረችው። የቀረው ክፍለ ጊዜ በክርክር አለቀ፤ የገምጋሚ መምህራችን ማስታወሻ «ክፍል አያያዝ ይሻሻል» ይላል። እንቀበላለን፤ ግን ልጆቹ እስከ ደወል ድረስ ስለ መንቆር ነበር የሚጮሁት።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ስም ጠየቁ። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለባት፤ እኛ ሦስታችን ስንሰበሰብ በአማርኛ የምንጠራው ሠላሳ አይሞላም። የቀረውን ሁሉ ወፍ፣ አሞራ፣ ወፍ እያልን ነው። ግንደ ቆርቁርን ስም ያወጣለት ሰው ቆሞ አይቶታል። ሌሎቹንም አይቶ የሰየመ ሰው በየአገሩ መኖሩን አንጠራጠርም፤ ስሙ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም።

በመሆኑም ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ስድስት ፎቶግራፎች ለጥፈናል፦ ጋጋኖው፣ ቁራው፣ ባለ ነጭ ኮሌታዋ ርግብ፣ አረንጓዴዋ በቀቀን፣ የተከዜዋ ማር መጣጭ፣ እንዲሁም በጭራዋ ርዝመት የምትታወቀው፣ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትውለው ቡናማ ወፍ። የመጨረሻዋን ከሦስታችን ማንም አያውቃትም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከየትም የመጣችሁ ሠልጣኞችና መምህራን በአገራችሁ የምትጠሩበትን ስም ከሥሩ ጻፉልን፤ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በጉራግኛም ይሁን። የጎጆ ወይም የዝናብ ምልክት ነች የሚባል ነገር ካለም ጨምሩበት።

ሌንሱን በተመለከተ፣ ስንመረቅ ሦስታችንም ወደ ተለያየ ወረዳ እንመደባለን። ማን ጋር እንደሚሆን ሁለት ጊዜ ተነጋግረን አልተስማማንም። አንደኛችን ወፍ የሚበዛበት ይውሰደው ይላል፤ ሌላው ኤሌክትሪክ ያለበት፣ ባትሪው ቻርጅ ይፈልጋልና። ሦስተኛው በየዓመቱ ይዙር ብሏል። እስከዚያው ቅዳሜ በ12 ሰዓት ተኩል ጠዋት ከበሩ ላይ እንነሳለን፤ መምጣት የሚፈልግ መታወቂያና ሊቆሽሽ የሚችል ሱሪ ይያዝ። እርሳሱ ከሰሌዳው ጎን በክር ታስሯል።