የተገለበጠው መጽሐፍ

ልጆች ሆይ፥ አስተማሪ ሁሉን የሚያውቅ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን አስተማሪም ይሳሳታል፤ ከተማሪዎቹም ይማራል። እኔ መጀመሪያ ባስተማርሁበት ዓመት አንድ ትንሽ ልጅ ያስተማረኝን ነገር እነግራችኋለሁና አድምጡኝ።

በአዲስ አበባ ከተማ መርካቶ የሚባል ታላቅ ገበያ አለ። የከተማው ገበያ ቀድሞ በአራዳ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዙ ጊዜ ግን ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወሩት። መርካቶ ማለት በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው፤ እነርሱ ሄደው ስሙ እስከ ዛሬ ቀረ።

በ2010 ዓ.ም. በመስከረም ወር በዚህ ገበያ አጠገብ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆኜ ገባሁ። ተማሪዎቼ ስልሳ አራት ነበሩ። ለሦስት ልጆች በተሠራው ወንበር ላይ አምስት ይቀመጡ ነበር። አንዱን መጽሐፍ ለአራት ያነቡት ነበር። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች የመዶሻ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይሰማ ነበር። ዝናብ በመጣ ጊዜ ደግሞ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ድምፄን የሚሰማ አልነበረም። ብዙዎቹ ልጆች ቁርስ ሳይበሉ ይመጡ ነበር፤ የከተማው አስተዳደር የተማሪዎችን ምገባ የጀመረው ከዚያ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ነውና።

እኔም አዲስ ስለ ሆንሁ ይህን ሁሉ በቁጣ የማሸንፈው መሰለኝ። ልጆቹ ቢፈሩኝ የሚማሩ፥ ዝም ቢሉ ያወቁ መሰለኝ።

ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረ፤ ስሙን አልጽፍም። ጣቶቹ ዘወትር ከሰል የነካቸው ነበሩ። ዝምተኛ ነው፤ ሲጠሩት ግን ቀና ብሎ ያያል። በኅዳር ወር አንድ ቀን ወደ ሰሌዳው ጠራሁትና ሀን ጽፌ፥ «ይህ ፊደል ምንድር ነው?» አልሁት።

«በ ነው» አለ።

ልጆቹ ሳቁ። ቀጥዬም በን ጻፍሁ። «ይህስ?» አልሁት።

«ሀ ነው» አለ።

የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ደወል እስኪደወል ድረስ እንዲቆም አደረግሁት። አላለቀሰም። በማግሥቱም እንደዚያው ጠየቅሁት፤ እንደዚያው መለሰ፤ እንደዚያው ቀጣሁት። በሦስተኛው ቀን አልመጣም፤ በአራተኛውም አልመጣም። እኔም በልቤ፥ «ከስልሳ አራቱ አንዱ ቢጐድል ምን ይሆናል?» አልሁ። ይህን ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በአምስተኛው ቀን ጎረቤቱ የሆነች አንዲት ተማሪ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ወደ እኔ ቀረበች። «መምህር፥ እርሱ እኮ ማንበብ ያውቃል» አለችኝ።

«ሀን ከበ የማይለይ ልጅ እንዴት ያነባል?» አልኋት።

«መጽሐፉ ሲገለበጥ ያነባል» አለች።

ነገሩ ሳቅ ሳቅ አለኝ፤ ነገር ግን ልቤ ዕረፍት አጣ። ማታ ልጅቱ እየመራችኝ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። እናቱ በር ላይ ተቀብላኝ፥ «ይግቡ፥ ቤት ለእንግዳ» አለችና ዱካ ሰጠችኝ። እርስዋ ማታ ገብስ ቆልታ ጧት በመንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት ናት።

በቤቱ መካከል የከሰል ምድጃ ነበረ፤ በላዩም ምጣድ ተጥዶ ነበር። ከምድጃው ወዲህ ታላቅ እኅቱ ከመብራቱ ሥር ተቀምጣ፥ መጽሐፍ በሣጥን ላይ ዘርግታ ታነብባለች። ከምድጃው ወዲያ ልጁ ተቀምጦ ገብሱን ያማስላል። እጁ ከቆሎው ነው፤ ዓይኑ ግን ከመጽሐፉ ነው። እኔን ባየ ጊዜ ደንግጦ ተነሣ።

«አትፍራ፥ ልጄ። ስፍራህን ለጥቂት ጊዜ ስጠኝ» አልሁትና እርሱ ከተቀመጠበት ተቀመጥሁ። ማማሰያውንም ይዤ ወደ መጽሐፉ ተመለከትሁ። ፊደሎቹ ሁሉ በራሳቸው ቆመው አየሁ። ሀ በን መስሎ፥ በም ሀን መስሎ ታየኝ። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ተቀምጦ፥ እኅቱ ጮኻ ስታነብ እየሰማ፥ ፊደልን በዚህ መልክ ተምሮ ኖሯል።

ወዲያው መጽሐፉን ገልብጬ በፊቱ አደረግሁለት። አንዱን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ አነበበው። ለካ ከተማሪዎቼ ሁሉ አብልጦ የሚያነብ፥ እኔ ወደ ግድግዳ ያዞርሁት ልጅ ነበረ!

«ልጄ፥ ሳልጠይቅ ፈርጄብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት።

እናቱ ደንግጣ፥ «ኧረ መምህር፥ እርስዎ ልጁን ይቅርታ ይጠይቃሉን?» አለች።

«የበደለ ይጠይቃል፥ እናቴ» አልኋት። በማግሥቱም በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት ደግሜ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ያሳፈርሁት በሰው ፊት ነበርና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ምድጃውን ከእኅቱ ጐን አኖረችው። ሁለቱም ልጆች ጐን ለጐን ተቀመጡ። በክፍልም መጽሐፉን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርሁ አስለመድሁት፤ መጀመሪያ አዘንብዬ፥ ኋላም ወደ ጐን፥ በመጨረሻም አቃንቼ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ሰኔ ሳይደርስ እንደ ሌሎቹ አቅንቶ አነበበ።

ነገር ግን የቀድሞ ዕውቀቱ አልጠፋበትም። አራት ልጆች በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ሲቀመጡ፥ አንዱ ፊደሉ የሚገለበጥበትን ወገን መያዝ ግድ ይሆንበታል፤ ስለዚህም ልጆቹ ይጣሉ ነበር። እርሱ ግን፥ «እናንተ በዚህ በኩል ሁኑ፤ እኔ ከወዲያ አያለሁ» እያለ መልካሙን ስፍራ ለባልንጀሮቹ ይለቅ ነበር። እኔ እንደ ጥፋት የቈጠርሁበት ነገር ለሌሎች ጥቅም ሆነ።

በዓመቱ መጨረሻ ከስልሳ አራቱ ተማሪዎቼ አሥራ አንዱ ገና ማንበብ አልቻሉም ነበር። መጻሕፍቱ ማነሳቸው፥ ረኃቡም መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር በቁጣ ያጠፋሁት ጊዜም ከምክንያቱ አንዱ ነበረ። በሁለተኛው ዓመት ተማሪ ሲሳሳት ከመቅጣቴ በፊት፥ «ይህን እንዴት ተማርኸው?» ብዬ መጠየቅን ልማድ አደረግሁ።

እናንተም ሀን በወረቀት ጻፉና ወረቀቱን ገልብጡት፤ በን የሚመስል ቅርጽ ታያላችሁ። ቀጥላችሁ ዐን ጽፋችሁ ገልብጡት፤ ክብ ስለ ሆነ መልኩ አይለወጥም። አንዳንድ ነገር ከየትኛውም ወገን ቢያዩት አንድ ነው፤ ብዙው ነገር ግን እንደ ተመልካቹ ስፍራ ይለወጣል።

ስለዚህ ባልንጀራችሁ እናንተ እንዳያችሁት ባያይ አትሳቁበት፤ አትቈጡትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። አስቀድማችሁ ከምድጃው ወዲያ ዞራችሁ እርሱ ከተቀመጠበት ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ተናገሩ።