ለምን አጨበጨብን?

የኦሃዮ ክረምት ብርቱ ነው። በምንኖርበት በኢስትሙር፣ በኮሎምበስ ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በረዶ ደጃፋችንን በዘጋበት አንድ ምሽት ልጃችን ከትምህርት ቤት እንድታየው የታዘዘችውን ፊልም አብረናት ተመለከትን። «ዴድ ፖየትስ ሶሳይቲ» ይባላል፤ «የሞቱ ገጣሚያን ማኅበር» ብንለው ያስኬዳል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን ታሪኩ ወደ 1959 ተመልሶ፣ ዌልተን በተሰኘ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ይፈጸማል። በ2014 በሞት የተለየው ሮቢን ዊልያምስ የሥነ ጽሑፍ መምህሩን ኪቲንግን ሆኖ ይተውናል።

ሙሉውን ለመተረክ አልተነሣንም። ከኅሊናችን አልወጣ ያለን አንድ አጭር ትዕይንት ነው። መምህሩ ሦስት ተማሪዎች በግቢው ውስጥ እንዲራመዱ ያዝዛል። ሲጀምሩ እያንዳንዱ በራሱ አካሄድ ነበር፤ ጥቂት ሳይቆይ ግን እግራቸው ገጠመ፤ ዳር የቆሙትም በእርምጃቸው ልክ ያጨበጭቡ ጀመር። አጨብጭቡ ያላቸው ግን አልነበረም። ኋላ ሁሉም በየራሱ አካሄድ እንዲራመድ ሲነገር፣ ዳልተን የሚባለው ልጅ አልራመድም ብሎ ቆመ። መምህሩም አመሰገነው፤ አለመራመድም የራስ አካሄድ ነውና።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጭብጨባ እኛ እናውቀዋለን። ሰኔ 1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ ለ«ሕዝባዊ ውይይት» ባቀረበ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርን። በትምህርት ቤታችን አዳራሽ አንድ የክፍል ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «ፓርቲው ቢሳሳት ማን ያርመዋል?» ሲል ጠየቀ። ካድሬው መልስ አልሰጠውም፤ «ይህ የንዑስ ከበርቴ ግለኝነት ነው» አለና መፈክር አሰማ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። ልጁ በማግሥቱ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ግለ ሂስ አድርግ ተባለ፤ አደረገም። ከዚያ ወዲያ ለጥያቄ እጁን ሲያወጣ አላየነውም። (ግለኝነት የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ መጀመሪያ የገባው እንዲህ፣ እንደ ክስ ሆኖ ነው።)

ደርግ ወደቀ። በኋላም ኢሕአዴግ ተማሪውን «አንድ ለአምስት» ብሎ በጠርናፊ አደራጀው። እኛ በስደት ሆነን አወገዝነው፤ ማውገዛችንም ትክክል ነበር። ለመሆኑ እኛ ራሳችን ከዚያ አዳራሽ ወጥተናልን?

ባለፈው መስከረም በዚሁ ከተማ በተደረገ አንድ የወገኖቻችን ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት፣ «ያዋጣነው ገንዘብ ሒሳቡ ለምን አይቀርብም?» ብላ ጠየቀች። «ጊዜው አይደለም!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ፤ «የማን ተላላኪ ነሽ?» የሚልም ተከተለው። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ስለ ነፃ ኅሊና ስንት አምድ የጻፈው እጃችንም ከሌላው እጅ ጋር አብሮ አጨበጨበ። ያዘዘን ካድሬ አልነበረም።

በፊልሙ ፍጻሜ መምህሩ ተባርሮ ሲወጣ አንዳንድ ተማሪዎች ዴስካቸው ላይ ይቆማሉ። ተመልካች ሁሉ የሚያስታውሰው የቆሙትን ነው። የእኛ ዓይን ግን ያረፈው አንገታቸውን ደፍተው በተቀመጡት ላይ ነበር። ልጃችን፣ «አባዬ፣ አንተ ብትሆን ትቆም ነበር?» ስትል ጠየቀችን። የ1978ቱን ነገርናት፤ የመስከረሙን ግን ዘለልነው።

የዚያች ወጣት ስልክ ቁጥር አለን። ወደ ስብሰባው አልተመለሰችም፤ እኛም እስካሁን አልደወልንላትም።