ያልታወቀውን በደረጃ ስለ መፈለግ

ብዙ ወጣቶች ከሒሳብ የሚሸሹት ቍጥሩ ከብዷቸው ሳይሆን ቃሉ አስፈርቷቸው ነው። መደመርና ማባዛት የሚያውቅ ልጅ፥ ጥያቄው በዓረፍተ ነገር ተጽፎ ሲመጣበት «ለሒሳብ አልተፈጠርሁም» ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። ይህ በራስ ላይ የሚፈረድ የሐሰት ፍርድ ነው። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፥ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ ሳስተምር፥ ደካማ ከተባሉት ተማሪዎች የሚበዙት የጐደላቸው ትዕግሥት እንጂ አእምሮ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንመልከት። የአባትና የልጅ ዕድሜ ቢደመር 60 ዓመት ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ የአባትየው ዕድሜ የልጁን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ዛሬ ዕድሜያቸው ስንት ስንት ነው? ችኩል ተማሪ ይገምታል። አስተዋይ ግን በመጀመሪያ የተሰጠውን፥ ቀጥሎም የተጠየቀውን ለይቶ ይጽፋል፤ ከዚያም ለማያውቀው ነገር ስም ያወጣለታል። የልጁን ዕድሜ «ሀ» ብንለው፥ የአባትየው 60 − ሀ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ልጁ ሀ + 10፥ አባትየው 70 − ሀ ይሆናሉ። ስለዚህ፦

70 − ሀ = 3(ሀ + 10)
70 − ሀ = 3ሀ + 30
40 = 4ሀ
ሀ = 10

ልጁ 10፥ አባትየው 50 ዓመታቸው ነው። ሥራው ግን አላለቀም፤ መልሱን ወደ ጥያቄው መልሶ መመርመር ይገባል። ከ10 ዓመት በኋላ ልጁ 20፥ አባትየው 60 ይሆናሉ፤ 60ም የ20 ሦስት እጥፍ ነው። በዚህ ጥያቄ የሚሳሳቱት ብዙውን ጊዜ 10ን ለአባትየው ብቻ ይደምራሉ፤ ዘመን ግን ለአባትም ለልጅም እኩል ያልፋል።

ለማይታወቅ ነገር ስም መስጠት የቆየ ጥበብ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው አል-ኽዋሪዝሚ፥ አልጀብራ ስሙን ያገኘበትን መጽሐፍ ያለ ምልክት በቃል ብቻ ሲጽፍ፥ ያልታወቀውን በዐረብኛ «ነገር» ብሎ ይጠራው ነበር። በዚያም ዘዴ ውርስ ማከፋፈልን አስተማረ።

በትሪጎኖሜትሪም እንዲሁ ነው። አንድ ተማሪ ከሐውልት 22.5 ሜትር ርቆ ቆሞ ጫፉን በ45 ዲግሪ ማዕዘን ቢያይ፥ የ45 ዲግሪ ታንጀንት 1 ስለ ሆነ፥ ቁመቱ 22.5 ሜትር ነው ብሎ ይቸኩላል። ሥዕሉን የሣለ ግን ማዕዘኑ የሚነሣው ከመሬት ሳይሆን ከዐይኑ መሆኑን ያያል። ዐይኑ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ካለ፥ ቁመቱ 24 ሜትር ነው፤ ይኸውም በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም የተተከለውን ሐውልት ያህላል። ሌላውን ሲለካ ራሱ የቆመበትን የሚረሳ ሰው፥ ልኩ ምንጊዜም ይጐድላል።

ዛሬ መልሱን ብቻ ከእጅ ስልክ ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን የተዋሰውን መልስ የያዘ ሰው፥ ቢጠየቅ የሚያሳየው መንገድ የለውም። በደረጃ የጻፈ ግን ቢሳሳት እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ ስሕተቱን ከነቦታው ያገኘዋል። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገ ብድርና ውርስ፥ ንግድና ዳኝነት በቃል ተጽፈው በፊትህ ይቀርባሉ። ያን ጊዜ የተሰጠህን ለይ፤ የተጠየቅኸውን ዕወቅ፤ ለማታውቀው ስም አውጣለት፤ ያገኘኸውንም ሳትመረምር አትናገር።